የፍየል ፀጉር ያለበት ባና

ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው የደረበው፣ ዝናብ የመታው የሱፍ ባና ሸቶኝ በመስኮት ምራቄን ተፋሁ።

ልጅ ሳለሁ የሞላሌ ነጋዴዎች፣ «የእናንተ መንደር ባና የፍየል ፀጉር ተቀላቅሎበታል» ብለው መለሱብን። መንደሩ፣ «አጭበርባሪ ተባልን!» ብሎ ተንጨረጨረ። የቀላቀለችው አክስቴ ነበረች፤ ፍየሏ ስትሸለት የያዝኳት እኔ ነበርኩ።

አያቴ ግን፣ «የእኛ ሰው እንዲህ አያደርግም» አሉና፣ ከራቤል መጥታ ሱፍ የምትፈትልልንን ሴት በሰው ፊት አቆሟት። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ልጅ፣ የቀላቀለችው እሷ አይደለችም?» ሲሉኝ አክስቴን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች።

«እሷ ናት» አልኩ።

ሴትዮዋ እንዝርቷን አንስታ ከመንደሩ ወጣች። አያቴ ራሴን እየዳበሱ፣ «ይኸው፣ የእኛ ልጅ!» አሉ።

ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ምራቄን የሚያስተፋኝ ያ ደስታዬ ነው።