የአሰልጣኝ ይታያል በግ

ይታያልን ያለ ፊሽካው ያየ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም። የከተማዋ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነው፤ ፊሽካዋን ለቅሶ ቤት ሲሄድ እንኳ ከአንገቱ አያወልቃትም። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል መንገድ ለዘጋች አህያ ነፍቶባት ነበር። አህያዋ ዞርም አላለችም።

ተጫዋቾቹም ከአህያዋ አይሻሉም። ዘንድሮ ሉማሜ ሄደው ተሸነፉ፣ ደጀን ሄደው ተሸነፉ፣ አማኑኤሎች ደግሞ እዚሁ ድረስ መጥተው አሸነፏቸው። ይታያል ለሁሉም ምክንያት ነበረው፤ የሉማሜ ሜዳ ተዳፋት ነው፣ የደጀን ሙቀት አይቻልም፣ የአማኑኤሉን ጨዋታ የመራው ዳኛ ዓይነ ደካማ ነው። ልምምድ ማሠራት ግን ትዝ ብሎት አያውቅም። በመጨረሻ የኮሌጁ ዲን ጠርተው፣ "ቀጥሎ የሚመጣው ሞጣም ካሸነፈህ ፊሽካዋን ለአካለ ወልድ ታስረክባለህ" አሉት። አካለ ወልድ ትናንት ይታያል ራሱ ያስተማረው ልጅ ነው። ይታያል ያን ቀን ከልቡ ደነገጠ። ከዚያች ፊሽካ በቀር ሰው እሱን በምን ያውቀዋል?

ሌላ ሰው ቢሆን ልጆቹን ያስሮጥ ነበር። እሱ በግ ገዛ። እንግዳ ሳይበላ በማይሰናበትበት አገር የሞጣን ልጆች ከጨዋታው በፊት ጋብዞ፣ በጉርሻ አጣድፎ፣ ሜዳ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሲንፏቀቁ ሊያይ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ባለቤቱ ባንቺዓለም ወጡን እያማሰለች፣ "ለሞጣ ልጆች ነው ያልከኝ?" አለችው።

"አዎ። ቅቤውን ጨመር አድርጊበት።"

"ኧረ አንተ ሰው፣ እስቲ ቆይ..."

"አንቺ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ!"

ባንቺዓለም ጎን ለጎን አንድ ድስት ሽሮ ጣደች።

የሞጣ ልጆች እንደ ደረሱ ይታያል ወጡን አስቀረበና፣ "ብሉ እንጂ ልጆቼ! በሞቴ!" እያለ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አምበሉ ወደ ሙጀሂድ ዘረጋ። ሙጀሂድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ግማሾቻችን ሙስሊሞች ነን፤ የክርስቲያን ሥጋ አንበላም። ጓደኞቻችንም ተለይተውን አይበሉም፤ መንገድ ስንወጣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ነው። ሽሮ ካለ ግን..."

የጉርሻው ወጥ በይታያል ክንድ ላይ ወረደ። የሁለቱ ሥጋ እንደሚለይ፣ ሞጣም ከጥንት ጀምሮ ሙስሊም እንዳለበት የማያውቅ ሕፃን ጎጃም ውስጥ የለም። እሱም ያውቃል፤ ተንኮሉ አስረሳው እንጂ።

ባንቺዓለም ሽሮውን አቀረበች። የሞጣ ልጆች ተሰብስበው በልክ በሉ። በጉስ? የቢቸና ልጆች ሥጋ ሲባክን ቆመው የሚያዩ አይደሉም። አጥንቱን ሳይቀር ጋጡና አሰልጣኛቸውን መረቁት።

አምስት ለባዶ ተሸነፉ። በረኛው ስጦታው ከአራተኛው ጎል በኋላ ከተቀመጠበት አልተነሳም። የሞጣ ልጆች ኳሷንም እንደ ትሪው ተካፈሏት። ሲሰናበቱ ሙጀሂድ፣ "ጋሼ፣ ስለ ሽሮው አላህ ይስጥልን" አለ። ከልቡ ነበር፤ ይታያልን ከጎሎቹ ይልቅ ያ ወጋው።

ሰኞ ፊሽካዋ ለአካለ ወልድ ተላለፈች። ዲኑ ግን ሰው አይጥሉም፤ ይታያልን የእንግዳ መስተንግዶ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉት። አሁን ቡድን በመጣ ቁጥር ድስት አጠገብ ቆሞ የጾሙን ከፍስኩ፣ የሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ይለያል። ከሜዳው ፊሽካ ሲነፋ እጁ ወደ አንገቱ ይሄዳል፤ እዚያ ምንም የለም። ባንቺዓለም ታየዋለች።

"ሽሮው ሊያር ነው" ትለዋለች፤ "አማስል።"