ጥይቱ ያወለቀው ፕሮፔለር

ወደቡ ላይ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። ሞተር ጀልባውን ከሁሉም ቀድሞ ማዶ ስለሚያደርስ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ «ጥይቱ» ነው የሚሉት። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ወገቡ ጎብጧል፣ ጉልበቱ ደረጃ ሲያይ ያቃስታል። ስሙ ብቻ አላረጀለትም፤ ጣጣውም ይኸው ነው።

ቤቱ ከወደቡ በውሃው ዳር ዳር በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሚስቱ እዚያ ልብስ ትሰፋለች። ነዳጅ በልክ መታደል ከጀመረ ወዲህ ግን፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ እሱ የሚያድረው ወደቡ ላይ ገመድ በሚከማችባት ክፍል ውስጥ ነው። የጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር ለእያንዳንዱ ጀልባ በቀን ሁለት ጀሪካን ይሰፍራል፤ የእሱ የመጨረሻውን መንገደኛ አድርሶ ሲመለስ ጥርግ ይላል። ቅዳሜ ብቻ አንድ ምልልስ ያስቀርና በተረፈችው ነዳጅ ቤቱ ይሄዳል። በሌላው ቀን በስልክ «በላህ?»፣ «በላሁ»፣ «በል ደህና እደር» ይባባላሉ። ከዚያ በላይ የሚያወሩት አልቆባቸዋል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተውን ብርድ ልብስ ሲከናነብ ደክሞታል፤ ሲነሳም ደክሞታል።

አንድ ጠዋት እግሩን እየጎተተ አባቷ ከሞተ ወዲህ የወደቡን ጋራዥ ወደያዘችው መካኒክ ሄደ።

«ልጄ፣ ይቺ ሞተር መጠጣት እንጂ መሥራት ትታለች። ፈትሺልኝ።»

ፈትሻ ፈትሻ ብታየው ሞተሩ ምንም አልጎደለውም። ከዚያ ከኋላ ጎንበስ ብላ፣ ውሃውን እየቆረጠ ጀልባዋን የሚገፋውን ፕሮፔለር በጨርቅ ጠረገችና የተቀረጸበትን ቁጥር አነበበች። ሃያ አንድ ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄንን ማን መረጠው?»

«እኔ ነኛ! ሦስት ሞክሬ ፈጣኑን።»

«ሲሞክሩት ጀልባዋ ላይ ስንት ሰው ነበር?»

ጀልባ የሚሞከረው በጠዋት፣ ውሃው ሳይናወጥ፣ ነጂው ብቻውን ሆኖ ነው። የወደቡ ጀልባ ነጂ በሙሉ እንዲያ ነው የሚሞክረው፤ ሌላው ደግሞ ዳር ቆሞ ያደንቃል። ሃያ መንገደኛ ጭኖ የሞከረ ሰው አይቶ አያውቅም።

«ቁጥሩ ከፍ ሲል በአንድ ዙር ሩቅ ይገፋል» አለችው። «ሰው ሲጫን ግን ሞተሩ አቅም ያንሰውና ዙሩን መሙላት ያቅተዋል። እያቃሰተ ነዳጁን ይጨርሰዋል። ባዶ እጅዎን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ይወጡ ይሆናል። ኩንታል ተሸክመውስ?»

«ኧረ ልጄ፣ አሁንማ ባዶ እጄንም አልወጣው።»

በማግስቱ ከመንገደኞቹ ጋር ተሳፍራ የሞተሩን ዙር ከምታሳየው መርፌ ላይ ዓይኗን ተከለች። ጀልባዋ ሞልታ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ መርፌዋ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው በስምንት መቶ ዙር ዝቅ ብላ ቀረች። አስራ ዘጠኝ ቁጥሩን ፕሮፔለር ስታስርለት ጉድለቱ በግማሽ ቀነሰ። አስራ ሰባቱ ልክ መጽሐፉ ያለው ላይ አደረሳት። ከዚያ ያነሰ ቁጥር ብታስር ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየተሽከረከረ ይጎዳል። ያቃስት የነበረው ሞተር ዝም ብሎ ሥራውን ሠራ።

ባዶዋን ሲመለሱ ግን ጉድ ፈላ። ዕድሜ ልኩን ከኋላ የኖረው፣ «ኤሊው» የሚሉት ባልደረባው፣ ከጎናቸው መጣና አለፋቸው።

«ጥይቱ! ከሸፍክ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ኤሊው የጫናቸው ጥቂት መንገደኞች ሳቁለት።

ወደቡ ሲደርሱ ጥይቱ አሮጌውን ፕሮፔለር ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ይህ ብረት ካወጣለት ስም ሌላ ስም የለውማ!

«አስራ ዘጠኙን ላስርልዎት?» አለች መካኒኳ አዝናለት። «ፍጥነቱም ብዙ አይቀንስም። ግን የሚተርፈው ነዳጅ ወደ ቤትዎ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርስዎት።»

«ግማሽ መንገድ ሄጄ ውሃው መሃል ልተኛ?» አሮጌውን መሬት ላይ አኖረው። «ተይው፣ አስራ ሰባቱ ይሁን።»

ማክሰኞ ዕለት የመጨረሻውን መንገደኛ አድርሶ ወደቡ ሲመለስ ጀሪካኑን ነቀነቀው። ውስጡ ተንቦጫቦጨ፤ ቤቱ አድርሶ ጠዋት ለመመለስ ይበቃል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መንገዱን ሙሉ፣ ሚስቱ ስታየው ምን ያህል ደስ እንደሚላት እያሰበ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር።

በሩን አንኳኳ። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፈተችና ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምነው? ማን ምን ሆነ?»

«ማንም ምንም አልሆነም።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሞተርህ ሲያቃስትም አልሰማሁም። አትደብቀኝ፣ ማን ሞተ?»

ከሥራ ወደ ቤቱ የገባ ባል ለሚስቱ መርዶ ነጋሪ መስሎ ታያት። አራት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ አፈረም።

«ማንም አልሞተም አልኩሽ። ሥራ ጨርሼ ነው። እንዲሁ ወደ ቤቴ መጣሁ።»

እሷም እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቆልሎ የነበረውን ጨርቅ ታቅፋ አነሳችለትና፣ እንደታቀፈችው ቆመች።

«ነገስ?»

«ነገም።»

ጨርቁን ወደ ጓዳ ወሰደችው።