አባቴን ቦይ ውስጥ ያስተኛቸው ድምፅ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት የእጃቸው መንቀጥቀጥ ነበር። አባቴ ቢቸና ውስጥ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ ሰባን አልፈዋል፣ ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ጦርነቱ ወደ ጎጃም ሲጠጋ የጦር አውሮፕላን በላያችን ያልፍ ጀመር። ድምፁ በተሰማ ቁጥር እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እርጅና መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ። ምርኩዛቸውን ጣሉ። ያዙኝ። እኔን፣ የሠላሳ ዓመቷን ሴት፣ አንስተው ቦይ ውስጥ አስተኙኝና በሰውነታቸው ጋረዱኝ። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አውሮፕላኑ አለፈ። እሳቸው አልተነሱም። ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ላብ አጠመቃቸው። አንደበታቸው ተያዘ።

ከዚያ ወዲያ እህልም እንቅልፍም ራቃቸው፤ ደረታቸውን ይዘው ይውላሉ። ጎረቤት አእምሯቸው ተነካ ማለት ጀመረ። በአውቶቡስ ሞጣ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸውና የአውሮፕላኑን ነገር ተናገርኩ። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለካ፣ ልባቸውን በማዳመጫ ደጋግሞ አዳመጠና ደህና መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ በጣልያን ጊዜ የት ነበሩ?»

አባቴ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ።

«ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ነበር። አውሮፕላን መጣ። እኔ ተኛሁ። እሱን ሳልይዘው።»

ወንድም እንደነበራቸው ያን ቀን ሰማሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም።

ሐኪሙ ይህ እብደት እንዳልሆነ፣ ሰውነት የድሮውን አደጋ አሁን እንደመጣ አድርጎ እንደሚቀበለው አስረዳኝ። ለጥቂት ቀን የሚወስዱት ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት አዘዘ። «አይፍሩ አትበያቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጪ» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ፤ እሳቸውም ቀስ በቀስ ስለ ወንድማቸው፣ ቅኔ ሲቆጥር ስለነበረው ሳቂታ ልጅ፣ በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ ያጫውቱኝ ጀመር፤ የክርስትና ስሙንም ለቄሱ ሰጥተው በጸሎት እንዲታሰብ አደረጉ፤ እህልም ቀመሱ፣ እንቅልፍም መጣላቸው። በሌላ ቀን አውሮፕላን ሲያልፍ ተንቀጠቀጡ፤ ግን አልወደቁም።

«ልጄ፣ አለሽ?» አሉ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

እጄን እንደያዙ መንገዳችንን ቀጠልን።

ያ ሐኪም ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ባለበት እግዜር ይስጠው። እናንተም ሽማግሌያችሁ በአዲስ ጦርነት ወሬ ሲታመሙ ካያችሁ፣ መጀመሪያ ልባቸውን አስመርምሩ። ቀጥሎ በወጣትነታቸው ያዩትን በእርጋታ ጠይቁ። መልሱ ቢዘገይም ከአጠገባቸው አትነሱ።