የታውንሰንዶች ትንሿ ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት ዴንተን ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ አዲስ የተሰነጠቀ የጥድ ሽታ ሳላስበው ልጅ ሳለሁ ወደኖርንባት ማኪኒ ከተማ፣ ወደ ሚስ ታውንሰንድ ጓሮ ወሰደኝ።

ያኔ ሁሉም ሰው ስለ ቤት ዋጋ መውደቅ ያወራ ነበር። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቆየው ጎረቤታችን ሚስ ታውንሰንድ ዘንድ ነበር። እናቴ ሁሌ «ሺፍቴን እስክጨርስ አታስቸግሪያቸው፣ ኦኬ?» ትለኛለች። አግብተው የማያውቁ፣ ዘመዶቻቸው ሁሉ አልቀው ብቻቸውን የቀሩ፣ ብስኩት ሲጋግሩ ሁሌ የሚያሳርሩና አሳምረው የጋገሩት መስሏቸው የሚያቀርቡ አሮጊት ነበሩ።

አንድ ቀን ስለ ስማቸው ጠየቅኋቸው። «ድሮ እንግሊዝ አገር ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው» አሉኝ። «ጆን የሚባሉት ሲበዙ፣ ቤቱ መንደሩ ማለቂያ ላይ ያለውን ‹የመንደር ዳሩ ጆን› አሉት። ታውንሰንድ ማለት ያ ነው። ልጆቹ መንደሩን ለቀው ሲሄዱም ስሙ ተከተላቸው፤ እዚህ ድረስ መጣ።»

የኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ፣ የሱም የአባቱ እንደሆነ ነገርኳቸው። እጄን ይዘው ከጓሮው ጥዶች ሥር ወሰዱኝ። እዚያ ባሉት የቤተሰባቸው መቃብር ድንጋዮች ላይ ሁሉ ከየሰዉ ስም ቀጥሎ ታውንሰንድ ተጽፏል፤ ጫፍ ላይ ባለችው ትንሽ ድንጋይ ላይ ግን ከታውንሰንድ ሌላ ስም አልነበረም።

«ታናሽ እህቴ ናት። በተወለደች ዕለት ሞተች፤ እናቴ ስም ላውጣላት ብትል አቃታት። በናንተ ደንብ ምን ትባል ነበር?»

በኛ ደንብማ ከአባት ስም በፊት የራሷ ስም ያስፈልጋታል። ብዙም ሳላስብ «አልማዝ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጓሮውን በር ከፍተው ወደ ጥዶቹ፣ በሳቸው አፍ «ኦልማዝ» እያሉ ይጣሩ ጀመር፤ ራት የቀረበላትን ልጅ እንደሚጠሩ፣ ቀስ ብለው። ከተጣሩ በኋላ በሩን ወዲያው አይዘጉም ነበር። እኔም ትንፋሼን ውጬ ሣሩን አያለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ሚስ ታውንሰንድ አረፉ። ቦታው ተሸጦ ጥዶቹ ተቆረጡ፤ አጽሞቹ ወደ ከተማው መቃብር ተዛወሩ። አባቴ ወስዶ አሳይቶኛል፤ ትንሿ ድንጋይ ላይ አሁንም ያ የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። አልማዝ እንደምትባል የሚያውቅ ከኔ ሌላ የለም፤ እኔ ደግሞ አንድም ቀን ድምፄን አውጥቼ ጠርቻት አላውቅም።