ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደው ኮምፒውተር

እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ሻይ እንኳ እስኪበርድ አልታገስም፤ ምላሴን አቃጥላለሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት ቢቸና መድቦ፣ ባሏንና ልጇን ሞጣ አስቀርቶ፣ "ዝውውርሽን ጠብቂ" ማለት ምን የሚሉት ፍርድ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዓርብ ከሰዓት ወደ ሞጣ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ወደ ቢቸና። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ለመሙላት በቆመ ቁጥር ከረዳቱ ጋር የማልጣላበት ቀን አልነበረም።

የዚያን ክረምት ግን ሞጣ አንድ የኮምፒውተር መምህር ቦታ ተገኘ፤ እኔም የማስተምረው ኮምፒውተር ነው። የተወዳዳሪዎቹ ሰንጠረዥ ከወረዳው ቢሮ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ የሚደርሰው በመጨረሻው ቀን ወደዚያ በሚመለሰው የዞኑ መኪና ነበር። ካመለጠ ለከርሞ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት "ሄደልኝ ወይ?" ብዬ ቢሮው ብቅ ስል የሰው ኃይል ሠራተኛዋ አገጯን ይዛ ተቀምጣለች።

"ኤክሴሉ እምቢ አለኝ እኮ እህቴ። ባለሙያው ደግሞ ለቅሶ ሄዷል፤ ሌላው ኮምፒውተር እንደምታይው ከሞተ ቆየ።"

ፋይሉን ስትከፍተው የፕሮግራሙን ፈቃድ ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል መልእክት ይወጣና ይዘጋል። "ተነሽልኝ" ብዬ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ፕሮግራሙ ራሱን እንዲጠግን አዘዝኩት፤ ልቤን አድርቆ አድርቆ ያንኑ መልእክት መልሶ አመጣው። ከስልኬ ኢንተርኔት ላስገባለት ብል ኔትወርክ የለም። ተነስቼ ተንጎራደድኩ። በመስኮት አየሁ፤ መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ሾፌሩ መስታወቱን ይወለውላል። በቃ ፕሮግራሙን ነቅዬ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ አልኩ። መጫኛው በእጄ መኖሩን እንኳ አላሰብኩም።

ሠራተኛዋ እጄን ያዘችኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!"

ተናደድኩ፤ እውነቷን ስለነበረ ይበልጥ ተናደድኩ። ፊቷን ላለማየት ዓይኔን ወደ ስክሪኑ ጥግ አዞርኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም፤ ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈው ዓመት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ያለው የእኛው ዓመተ ምሕረት ነው! ኮምፒውተር ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ለእሱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል፤ በዚያ ዓመት ፕሮግራሙ ገና አልተገዛም፤ ታዲያ ፈቃዱን እንዴት ይመን?

"ይኼን ማነው የነካካው?" ብዬ ጮህኩ።

የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ በር ላይ ብቅ አሉ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ ቢሮው ሁሉ የሚጠይቃቸው ሰው ናቸው።

"እኔ ነኝ ልጄ። ትናንት ደብዳቤ ሳስጽፍ ባየው ስምንት ዓመት አሳልፎ ይቆጥራል። ሰው ያሳስታል ብዬ አቀናሁት።"

የምናገረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበራቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎስ ልክ ነዎት። እሱ ግን በእኛ አይቆጥርም" አልኳቸው።

"ታዲያ የእኛን የደመወዝ ሰንጠረዥ ምን አግብቶት ይሠራል?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ዓመቱን መለስኩለት፤ ኤክሴል ምንም እንዳልሆነ ሰው ተከፈተ። ስሜን ሰንጠረዡ ውስጥ አየሁት። ሠራተኛዋ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጣ በጭቃው ወደ መኪናው ሮጠች፤ እኔ መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ከመስኮቱ አልተነቃነቅሁም።

ዝውውሩ መስከረም ላይ መጣ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ሞጣ ገባሁ። በመጀመሪያዋ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ዛሬስ የምሄድበት የለኝም ብዬ ጋደም አልኩ። እግሬ ግን አላርፍ ብሎ ይወዛወዛል።

ልጄ መጣች። ጫማዬን አምጥታ በሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ተመልሳ ቦርሳዬን እየጎተተች አጠገቡ አደረገችው። አላለቀሰችም፤ ሥራዋ ነው፣ እሑድ እሑድ የምታደርገው ነው።

"እማ፣ ተነሽ እንጂ" አለችኝ። "መኪናው ያመልጥሻል።"