ከኤደን እስከ አሰላ፦ በሞተር ቁጥር የቆመው ጉዞ

ኤደን

ዘጠኝ ዓመት በመካኒክነት የሠራሁባትን ከባሕር ማዶ ያለችውን የወደብ ከተማ ኤደንን ትቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አሰላ ለመመለስ የወሰንኩት በሁለት ምክንያት ነው። አባቴ አርጅቶ የእህል ንግዱን ብቻውን መያዝ አቅቶታል፤ ይህ አንዱ ነው። ሌላው መኪናዬ ናት። ጋራዡ ጥግ ተጥላ ያገኘኋትን አሮጌ ትንሽ የጭነት መኪና በእጄ አድሼ ነፍስ ዘርቼባታለሁ። ከጢቾና ከጎበሳ ገብስና ስንዴ አሰላ የምታደርሰው እሷ እንደምትሆን አልተጠራጠርኩም።

ባለቤቴ ሰልማ የኤደን ልጅ ናት፤ ከባሕር ርቃ አታውቅም። እሷ የቤቱን ዕቃ ስትጠቀልል እኔ የመኪናዋን ወረቀት ጨረስኩ። የኤደኑን ታርጋ ፈትቼ መለስኩ፤ ከመዝገብ መውጣቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበልኩ፤ ለባሕሩም ኢንሹራንስ ገባሁ። ወደቡ ላይ ክሬኑ አንጠልጥሎ ሲያነሳት፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ሲወዛወዙ ሳይ ግን ኢንሹራንሱ አላጽናናኝም። ሰልማ "ካንተ እሷ ትሻላለች፤ ዝም ብላለች" ብላ ሳቀችብኝ።

ድሬዳዋ

በመርከብ ጅቡቲ ደርሰን፣ ከዚያ በባቡር፣ መኪናዋ ክፍት ፉርጎ ላይ ታስራ፣ እኛ ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍረን ድሬዳዋ ገባን። የጉምሩኩ ሹም ሸምገል ያለ ሰው ነው። ኮፈኑን አስከፍቶ አጎነበሰ፤ የሞተሩን ቁጥር በጨርቅ ወልውሎ ከወረቀቱ ጋር አስተያየ።

"ይኼ ሞተር ወረቀቱ ላይ ያለው አይደለም" አለኝ።

"አይደለም፣ ጌታዬ። የድሮው ተሰንጥቆ ይኼን የገጠምኩት እኔ ነኝ።"

"የገጠምክበት ማስረጃስ?"

አልነበረኝም። ለራሴ መኪና ደረሰኝ የምጽፈው ለማን ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

"እንግዲህ የተሰረቀ ሞተር አለመሆኑን በምን ልወቅ? አሥር ቀን እሰጥሃለሁ። ማስረጃ ካልመጣ ትወረሳለች።"

ስወጣ በሩ ላይ አንድ ደላላ ጠበቀኝ። "ወንድሜ፣ ምን አስጨነቀህ? ነገ ተረኛው ሌላ ሹም ነው። ቁጥሩን በሞረድ አጥፍተን ወረቀቱ ላይ ያለውን መምታት ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ!" አለኝ።

አልዋሽም፣ ልቤ ከጀለ። ሥራውን ከማንም አሳምሬ እንደምሠራው አውቃለሁ። ወዳረፍንበት ሆቴል ሄጄ ለሰልማ ነገርኳት። በአሥር ሳንቲም የገዛችውን ፓፓያ እየላጠች በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ቢላዋውን አስቀመጠችና በዐረብኛ "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው የመኪናውን ቁልፍ አምኖ ሲሰጥህ ኖረሃል። አሁን አገርህ ስትገባ ነው ሌባ የምትሆነው?" አለችኝ።

ቀጥ ብዬ ቴሌግራፍ ቤት ሄድኩና የሞተሩን ማስረጃ እንዲልክልኝ ለቀድሞው አሠሪዬ ላክሁ።

መጠበቁ ከበደኝ። በየጠዋቱ ጉምሩክ ግቢ ገብቼ ሞተሯን አስነሳለሁ፤ ዘበኞቹም ለመዱኝና የአንዱን ብስክሌት ጠገንኩለት። በስምንተኛው ቀን ደብዳቤው በአውሮፕላን ፖስታ መጣ፤ የድሮው ቁጥር፣ የአዲሱ ቁጥር፣ የተቀየረበት ቀን፣ ፊርማና ማኅተም። ሹሙ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እዚህ የሚመጣው ሁሉ 'አላውቅም' ነው የሚለኝ" አለ ማኅተሙን ሲመታ። "አንተ ግን 'እኔ ነኝ' አልክ። በል፣ አላህ ያግባህ።"

አዲስ አበባ

በዚያው ባቡር አዲስ አበባ ገባን፤ እዚያ ፍሬኗና መብራቷ ተፈተሸ፤ ታርጋ ወጣላት፤ አዲሱ የሞተር ቁጥር የሰፈረበት ሊብሬም እጄ ገባ። የቀረኝ ኢንሹራንስ ነበር። ሠራተኛው መኪናዋ በየትኛው መንገድ እንደምትሠራ ጠየቀኝ።

"አሰላ፣ ጢቾ፣ ጎበሳ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ክረምትም?"

"ክረምትማ ጭቃው ራሱ መቼ ያሳልፈኛል!"

ሳቀና ጻፈ፤ ዋጋውንም ነገረኝ። እኔ ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው መንዳት ለማያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበርና፣ ለመንገዱ መግባት ይቅርብኝ አልኩት። እሱም "ይኼ ላንተ አይደለም፤ መንገድ ላይ ለምታገኘው ሰው ነው" አለኝ። ፈረምኩ።

ወደ አሰላ

በማለዳ ተነስተን ናዝሬት ላይ ነዳጅ ሞላን፤ የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን ዴራ ላይ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ ጠጠሩ መንገድ ሽቅብ ነው። ኢተያን ስናልፍ የገብሱ ማሳ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ተዘረጋ፤ ጭላሎ ተራራም ደመና ተከናንቦ ታየን። ሰልማ መስኮቱን ዘጋች። "ይኼ ሁሉ ብርድ ያንተ ነው?" አለችኝ። "ያንቺም ነው" አልኳት።

አሰላ ስንደርስ አባቴ ከእህል መጋዘኑ ወጣ፤ ትከሻው ላይ የገብስ ብናኝ አለ። አቅፎ ሳመኝና "ስንት ቀን ትቆያላችሁ?" አለኝ።

"አንሄድም፣ አባባ። ጠቅልለን ነው የመጣነው።"

ጋቢውን አውልቆ ሰልማን አለበሳት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ንገረን ለሚሉኝ እንዲህ እላለሁ፦ መኪና ይዛችሁ አገር ስትለውጡ የተካችሁትን ዕቃ ሁሉ በወረቀት አስደግፉ፤ የጎደለውን ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እውነት ስምንት ቀን ታስጠብቃለች እንጂ አታስወርስም።

አባቴ ግን ወረቀት አልጠየቀኝም። የመኪናዋን በር ራሱ ከፍቶ ከፊት ተቀመጠና "እስቲ ገበያ ውሰደኝ" አለ።

"ገበያው እኮ ተበትኗል፣ አባባ።"

"አውቃለሁ። ከልጄ ጋር ሰው ይየኝ ብዬ ነው።"

በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ ነዳሁ።