የአሰልጣኞቹ ኮሪደር

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ለእናቴ ምሳ አዝዤ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጉልበታቸውን በቅባት ሲያሹ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ፤ እናቴ ታጸዳው የነበረ ኮሌጅ፣ የፉትቦል ቡድኑ ሕንፃ ውስጥ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቆምኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን የሚይዝላት ሰው ስለሌለ ታስከትለኝ ነበር። ከመልበሻ ክፍሉ ወደ ሜዳው በሚያወጣው ረጅም ኮሪደር ላይ ቡድኑን የመሩት ዋና አሰልጣኞች ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል፤ ቡድኑን የመሠረተው ሪዛም ሰውዬ፣ ዋንጫ በዋንጫ ላይ የደረበው ቀጭኑ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልምምድ እያሠራ ሜዳው ላይ ወድቆ የሞተው፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። እናቴ ጴንጤ ናትና ሥዕል አታከብርም፤ ግን መስታወታቸውን ስትወለውል «ይቅርታ ጋሼ» ማለት አትተውም። እኔ የመጨረሻውን ቀና ብዬ አላየውም ነበር፤ ዓይኑ እስከ በሩ ይከተለኛል።

አንድ ቀን ቡድኑ ለጨዋታ ሌላ ከተማ ሄዶ ሕንፃው ጭር ባለበት፣ እናቴ ከፎቶዎቹ ሥር ወለሉን ስትወለውል ከሜዳው ፊሽካ ተነፋ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። «ሰው አለ እንዴ? ነይ እስቲ» ብላ እጄን ይዛ ወጣች። ሜዳው ላይ ሰው ቀርቶ ወፍ አልነበረም። ወዲያው ከኋላችን ኮርኒሱ ከነመብራቱ፣ እሷ ቆማ በነበረችበት ቦታ ላይ ተደረመሰ።

በሳምንቱ የዚያን ጊዜውን አሰልጣኝ አገኘነው፤ ሲያየኝ ሳይቀልድ የማያልፍ ግዙፍ ሰው ነበር። እናቴ የሆነውን ስትነግረው «እንዴት ነበር የተነፋው?» አለ። አፏጭቼ አሰማሁት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«እኔ በሱ ሥር ተጫውቻለሁ» አለ ወደ መጨረሻው ፎቶ እያየ። «ሮጣችሁ ውጡ ሲለን እንደዚያ ነበር የሚነፋው።»

እናቴ ጨርቋን አንስታ የመጨረሻውን ፎቶ መስታወት ደግማ ወለወለች።

ኮሌጁ ቡድኑን ከበተነ ቆየ፤ ሕንፃው ፈርሶ ሰው መኪናውን ፓርክ ያደርግበታል፤ ፎቶዎቹ የት እንደደረሱ የሚያውቅ አላገኘሁም። እናቴ መርሳት ከጀመራት ወዲህ ካልቨር ሲቲ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ያዘዝኩትን ምሳ አቅርቤላት «እማዬ፣ ያ ፊሽካ ትዝ ይልሻል?» አልኳት።

«እንዴት ይረሳል» አለችና ፊቴን በአክብሮት አየችው። «እርስዎም እዚያ ይሠሩ ነበር?»